ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት፦ ፊደል፣ ቀለምና ብርሃን

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው ጣርማ በርን አይረሳም። ደብረ ብርሃንን ካለፉና የደጋውን ሜዳ ካቋረጡ በኋላ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ መንገዱ በድንገት ከተራራው ሆድ ውስጥ ይገባል። በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የተፈለፈለው ይህ ዋሻ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከዋሻው ማዶ ደጋው ያከትማል። ደብረ ሲና ከገደሉ ወገብ ላይ ተቀምጣ ትታያለች፤ ከእርሷ ቁልቁል መንገዱ እየተጠማዘዘ ወርዶ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ፣ ተጓዡ ካፖርቱን አውልቆ የይፋትን ቆላ ሙቀት ይቀበላል።

ይህን መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሰንበታል። ይሁን እንጂ በመንገዱ ዳርና ዳር የተሰቀሉትን ጽሑፎች በእውነት ተመልክተናቸው አናውቅም ነበር። በአንድ የበልግ ወቅት ግን የግራፊክ ዲዛይን ተማሪ የሆነችው የእኅታችን ልጅ አብራን ተጓዘች። በእጇ አንዲት ትንሽ ደብተር ነበረች፤ መኪናው በቆመ ቁጥር የሱቁን ሰሌዳ፣ የአይሱዙውን ጀርባ፣ የጠርሙሱን መለያ ወረቀት እያየች ትጽፋለች። በመጀመሪያ ነገሩ ጨዋታ መስሎን ነበር። በጉዞው መጨረሻ ግን በደብተሯ ውስጥ የሰፈረው እያንዳንዱ መስመር የፊዚክስ ጥያቄ መሆኑን ተረዳን። ይህ ጽሑፍ ለእነዚያ ጥያቄዎች የሰጠናትን መልስ፣ በመጨረሻም እርሷ ለእኛ የሰጠችንን ትምህርት ይዟል።

የፊደል እግርና የዓይን አቅም

ከዋሻው እንደ ወጣን ጭጋጉ ተቀበለን። ልጅቱ በመስኮቱ እየተመለከተች፣ “ጋሼ፣ ያ ሰሌዳ ‘ሳቅ’ ይላል እንዴ?” ስትል ጠየቀችን። ስንቀርብ “ሱቅ” የሚል ሆኖ ተገኘ። ሳቅን፤ እርሷ ግን ቀድማ ስትጽፍ ነበር።

ስሕተቱ የዓይኗ አልነበረም። እንደሚታወቀው ጤናማ የሰው ዓይን ሁለት ነጥቦችን ለይቶ ለማየት በመካከላቸው አንድ የአርክ ደቂቃ ያህል ማዕዘን ያስፈልገዋል፤ ይህም የአንድ ዲግሪ አንድ ስልሳኛ ነው። አንድ የአርክ ደቂቃ በ100 ሜትር ርቀት ላይ 29 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሐኪም ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የዓይን መመርመሪያ ሰንጠረዥ በላቲን ፊደላት ሲዘጋጅ የፊደሉ ቁመት አምስት ደቂቃ፣ የመስመሩ ውፍረት ደግሞ አንድ ደቂቃ እንዲሆን ተደርጎ ነው። በዚህ ስሌት አንድ የላቲን ፊደል ከ100 ሜትር ርቀት በጭንቅ እንዲነበብ ቁመቱ 14.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ መሆን አለበት።

የእኛን ፊደል ስንመለከት ግን ሁኔታው ይለያል። በፊደላችን አናባቢው የሚታወቀው ከዋናው ቅርጽ ላይ በሚቀጠል ትንሽ ምልክት ነው። ቡ ከወገቡ፣ ቢ ከእግሩ ጭረት ያወጣሉ፤ ቤ ከእግሩ ቀለበት ያንጠለጥላል፤ ባ የግራ እግሩ፣ ቦ ደግሞ የቀኝ እግሩ ያጥራል። ይህ ምልክት ብዙውን ጊዜ ከፊደሉ ቁመት አንድ አሥረኛ ገደማ ቢሆን ነው። እንግዲህ ምልክቱ ብቻውን 29 ሚሊ ሜትር እንዲሆን ከተፈለገ፣ ፊደሉ 29 ሴንቲ ሜትር መሆን ይኖርበታል፤ ማለትም የላቲኑን ፊደል እጥፍ። ከዚህ ባነሰ ጊዜ አንባቢው ተነባቢውን ያያል፣ አናባቢውን ግን ይገምታል። “ሱቅ” “ሳቅ” የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። “ጣርማ በር” ራሱ በአንድ እግር እጥረት “ጣርማ ባር” ሆኖ ሊነበብ ይችላል!

ከዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ጥፋቱ የፊደሉ አይደለም፤ የላቲን ፊደል ለአናባቢው ራሱን የቻለ ቦታ ሲሰጥ የእኛ ፊደል ሁለቱን ድምፆች በአንድ ቅርጽ ጠቅልሎ ቦታ ይቆጥባል። ጥፋቱ የላቲኑን መለኪያ ሳይለውጡ ለአማርኛው መዋስ ነው። በሁለት ቋንቋ በሚጻፉ ሰሌዳዎች ላይ ሁለቱን ጽሑፎች በእኩል ቁመት መጻፍ ፍትሐዊ ይመስላል፤ የዓይን ፊዚክስ ግን አማርኛው እንዲተልቅ ይጠይቃል።

ጭጋግ ቀለም አይመርጥም

የጣርማ በር ጭጋግ አመጣጥ ራሱ ትምህርት ነው። ከምሥራቁ ቆላ የተነሣ እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ ግፊቱ ስለሚቀንስ ይለጠጣል፤ ሲለጠጥም በየ1000 ሜትሩ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀዘቅዛል። ከተወሰነ ከፍታ በኋላ እንፋሎቱ ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ይለወጣል። ከታች ሆኖ ለሚያየው ደመና፣ ከውስጡ ሆኖ ለሚነዳው ጭጋግ የሚባለው ይኸው ነው።

ብዙ ሰው ቢጫ ወይም ቀይ ቀለም ጭጋግን “ሰንጥቆ ያልፋል” ብሎ ያምናል። ይህ እምነት ሰማዩን ሰማያዊ ከሚያደርገው ሕግ የተወሰደ ይመስላል፤ በጠራ አየር ውስጥ የአየር ሞለኪውሎች አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን ሰማያዊ ብርሃን አብዝተው ይበትናሉ። ነገር ግን ሞለኪውል ከብርሃን የሞገድ ርዝመት እጅግ ያንሳል። የጭጋግ ጠብታ በአንጻሩ 10 ማይክሮ ሜትር ያህል ስፋት ሲኖረው የብርሃን የሞገድ ርዝመት ግማሽ ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። ጠብታው ከሞገዱ ሃያ እጥፍ ስለሚተልቅ ሁሉንም ቀለም በእኩል ይበትናል። ጭጋግ ነጭ ሆኖ የሚታየውም ለዚህ ነው።

ታዲያ በጭጋግ ውስጥ ሰሌዳን የሚያድነው ምንድን ነው? መልሱ የብሩህነት ልዩነት ነው። ኮሽሚደር የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1924 እንዳሳየው፣ በጨለማውና በብሩሁ ክፍል መካከል ያለው ልዩነት ከርቀት ጋር በኤክስፖነንሺያል ሕግ ይቀንሳል። “የዕይታ ርቀት 100 ሜትር ነው” ሲባል በ100 ሜትር ላይ ከልዩነቱ የቀረው 2 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። በዚሁ ሕግ መሠረት በ50 ሜትር ላይ የሚቀረው 14 በመቶ ይሆናል።

እስቲ ይህን ወደ መንገዱ እናምጣው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሴኮንድ ተኩል ቢፈጅበት 25 ሜትር ያልፋል፤ በደህና አስፋልት ላይ ለመቆም ደግሞ 28 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ድምሩ 53 ሜትር ነው፤ በእርጥብ ቁልቁለት ላይ ከዚህም ይረዝማል። አሁን ሁለት ሰሌዳዎችን እናወዳድር። አንዱ ነጭ ላይ በጥቁር የተጻፈ ሆኖ የመነሻ ልዩነቱ 90 በመቶ ነው፤ ሁለተኛው ገርጥቶ 20 በመቶ ብቻ ቀርቶታል። ከ50 ሜትር ርቀት የመጀመሪያው በ13 በመቶ ልዩነት ይታያል። ሁለተኛው ግን ወደ 3 በመቶ ይወርዳል፤ ይህም ለትንሽ ፊደል ከመጥፋት አይለይም። በጠራ ቀን እኩል የሚመስሉ ሁለት ሰሌዳዎች በጭጋግ ቀን አንዱ የሚያስጠነቅቅ፣ ሌላው የሌለ ያህል የሚቆጠር ይሆናሉ።

ቀይ በሰማያዊ ላይ

በደብተሯ ውስጥ ከሰፈሩት ትዝብቶች አንዱ፣ “ቀይ ጽሑፍ በሰማያዊ መደብ ላይ ሲሆን ዓይኔ ፊት ይንቀጠቀጣል” የሚል ነበር። ለዚህ ሁለት ምክንያቶች አሉ።

አንደኛው የዓይን ሌንስ ጠባይ ነው። ሌንሱ እንደ ፕሪዝም ሁሉ የተለያዩ ቀለሞችን በተለያየ መጠን ያጎብጣል፤ ስለዚህ ቀዩ ጥርት ብሎ ሲታይ ሰማያዊው ይደበዝዛል፣ ሰማያዊው ሲጠራም ቀዩ ይደበዝዛል። ዓይን በሁለቱ መካከል እየተመላለሰ ይደክማል። ሁለተኛው የብሩህነት ጉዳይ ነው። በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ የነጭ ብሩህነት 100 ቢባል የንጹሕ ቀይ 21፣ የንጹሕ ሰማያዊ 7፣ የቢጫ ደግሞ 93 ገደማ ነው። ለድረ ገጽ አዘጋጆች በወጣው ዓለም አቀፍ መመሪያ ስሌት ሲለካ፣ ቢጫ በጥቁር ላይ 19.6 ለ 1 የሆነ የብሩህነት ምጣኔ ሲኖረው ቀይ በሰማያዊ ላይ 2.1 ለ 1 ብቻ ነው። መመሪያው ለተራ ጽሑፍ የሚጠይቀው ዝቅተኛ ምጣኔ 4.5 ለ 1 ነው። ሁለት ቀለሞች ስለተለያዩ ብቻ ጽሑፍ ይነበባል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ሸዋ ሮቢት የደረስነው ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን ነው። እዚያም ሌላ ትዝብት ጠበቃት። ቀን ደምቆ የሚታየው የአንድ ሱቅ ቀይ ሰሌዳ ወደ ጥቁርነት ሲለወጥ፣ ከጎኑ ያለው ሰማያዊ በር ግን የፈካ መሰለ። ይህን ክሥተት እ.ኤ.አ. በ1819 ያስተዋለው የቦሔሚያው ተወላጅ ፑርኪንየ ነበር። በቀን ብርሃን ዓይናችን ከሁሉ አብልጦ የሚያየው 555 ናኖ ሜትር የሆነውን አረንጓዴ ቢጫ ብርሃን ነው፤ ሲመሽ ግን ሥራው ወደ ሌሎቹ የዓይን ሕዋሳት ይተላለፍና ጫፉ ወደ 507 ናኖ ሜትር ይሸሻል። ቀዩ ከዚህ ጫፍ ስለሚርቅ ይጨልማል። በአገራችን ምሽቱ ፈጥኖ ስለሚጨልም ለውጡ በደቂቃዎች ውስጥ ይታያል።

የእጅ ሠዓሊዎቻችን ይህን ሁሉ ያለ ቀመር ያውቁታል። በአይሱዙ ጀርባ ላይ ጥቅስ የሚጽፈው ባለሙያ ቀይ ፊደሉን በነጭ ወይም በጥቁር መስመር ይከበዋል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎችም በቀለም የሞሉትን ቅርጽ በጥቁር መስመር ያጥሩታል፤ በመሆኑም በጧፍ ብርሃን እንኳ ቀለሙ ቢጠፋ ቅርጹ አይጠፋም። ልጅቱ ይህንን በደብተሯ ስትጽፍ፣ “በትምህርት ቤት ያልነገሩኝ ትምህርት” የሚል ርእስ ሰጠችው።

ሰማያዊ የሆኑት ሥዕሎች

በማግሥቱ ገበያ ስንዞር በሱቆች መስኮት ላይ የተለጠፉ አሮጌ የማስታወቂያ ሥዕሎች አየን። የሰዎቹ ፊት፣ ፍራፍሬው፣ ሜዳው ሁሉ ሰማያዊ ሆኗል። “ለምን ሁልጊዜ ሰማያዊ?” አለችን።

የማተሚያ ቤት ሥዕል የሚሠራው ከአራት ቀለሞች ነው፤ እነርሱም ቢጫ፣ ማጀንታ፣ ሲያን የሚባለው ውኃ ሰማያዊና ጥቁር ናቸው። አንድ ቀለም የሚታየን ከሚውጠው ብርሃን የተረፈውን ሲመልስልን ነው። ቢጫው ቀለም ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃንን ይውጣል፤ ማጀንታው አረንጓዴውን፤ ሲያኑ ደግሞ ቀዩን። የፎቶን ጉልበት የሞገድ ርዝመቱ ባጠረ ቁጥር ስለሚጨምር ሲያን የሚውጠው ከሁሉ ደካማውን ብርሃን ነው። በዚያ ላይ የሲያን ቀለም ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ፍታሎሲያኒን ከሚባል እጅግ ጽኑ ሞለኪውል ነው። በ300 ናኖ ሜትር ያለ የአልትራ ቫዮሌት ፎቶን 4.1 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ሲኖረው፣ በሁለት የካርቦን አቶሞች መካከል ያለው ነጠላ ማሰሪያ የሚበጠሰው በ3.6 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ቢጫውንና ማጀንታውን እየበጣጠሰች ስታጠፋ ሲያኑና ጥቁሩ ይቀራሉ።

ከዚህ በተቃራኒ ከብረትና ከኦክስጅን ውሕደት የሚገኘው የቀይ አፈር ቀለም ከፀሐይ ጋር ጠብ የለውም። በድሬዳዋ አቅራቢያ በላጋ ኦዳ ዋሻ ግድግዳ ላይ ያሉት ጥንታዊ ሥዕሎች እስከ ዛሬ የሚታዩት ለዚህ ነው።

ሳይነበብ የሚታወቅ

ልጅቱ ዓይኗን አጨንቁራ አንድ ለስላሳ መጠጥ ቤት እያሳየችን፣ “አሁን ምንም ማንበብ አልችልም፤ ግን ኮካ ኮላ መሆኑን አውቃለሁ” አለችን። እውነቷን ነበር። ፍራንክ ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1886 ለኮካ ኮላ የመረጠው ጠመዝማዛ የእጅ ጽሑፍ በአገራችን በአማርኛ ፊደል ሲጻፍም ጠባዩን አይለቅም፤ ቀዩ መደብና ነጩ ጥምዝ በቂ ናቸው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን ሐምራዊ ቀለምም ከሩቅ ለማወቅ ፊደል አይጠይቅም። ምልክት የሚታወቀው በትልልቅ ቅርጾቹና በቀለሙ ሲሆን ጽሑፍ የሚነበበው በጥቃቅን ዝርዝሮቹ ነው። ጭጋግ፣ ርቀትና ድካም ቀድመው የሚያጠፉት ዝርዝሩን ነው። የንግድ ምልክት ጥበብ ከዝርዝሩ መጥፋት በኋላ የሚቀረውን ማሰናዳት ነው ብንል ስሕተት አይሆንም።

ጥበቡ ለእኛ አዲስ አይደለም። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በአክሱም ሳንቲሞች ላይ የነበረውን የጨረቃና የክብ ምልክት በመስቀል ተካው። ማንበብ የማይችለው ነጋዴ እንኳ ለውጡን በመዳፉ ላይ አየው።

ጠርሙሱ

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ አዘል ነበር። የይፋት ቆላ ገበሬ ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ ያለማል፤ ማሾም ይዘራል። ተባይ ሲመጣበት ወደ መድኃኒት ሻጩ ይሄዳል። እኛም ከአንድ እንዲህ ዓይነት ሱቅ ገባን። የፀረ ተባይ ጠርሙሶች በመስኮቱ ላይ ለምዕራብ ፀሐይ ተደርድረዋል። አንድ አዛውንት ገበሬ ጠርሙስ አንሥተው ወደ ብርሃኑ አስጠግተው፣ አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት፤ ከዚያም ለሻጩ ልጅ ሰጥተው፣ “ስንት ክዳን ነው ልጄ?” አሉት።

ልጅቱ ጠርሙሱን ተቀብላ ጽሑፉን በማስመሪያ ለካችው፤ የፊደሉ ቁመት 1 ሚሊ ሜትር ነበር። በ40 ሴንቲ ሜትር የንባብ ርቀት አንድ የአርክ ደቂቃ 0.12 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የአማርኛ ፊደል ምልክቱ እንዲለይ ቢያንስ 1.2 ሚሊ ሜትር ቁመት ይፈልጋል፤ ያውም ለወጣት ዓይን፣ በደህና ብርሃን። ሳይጨነቁ ለማንበብ ደግሞ የዚህ እጥፍ ያስፈልጋል። እንግዲህ ያ ጽሑፍ ለአዛውንቱ ከመጀመሪያውም አልተጻፈም ማለት ነው።

ጽሑፉ ባይነበብ ቀለሙ እንዲናገር ታስቧል። በዓለም ጤና ድርጅት የመርዛማነት ምደባ ላይ ተመሥርቶ፣ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት የመለያ መመሪያ ከወረቀቱ ግርጌ የቀለም መቀነት እንዲኖር ይመክራል። ቀይ ለእጅግ አደገኛው፣ ቢጫ ለመካከለኛው፣ ሰማያዊ ለአነስተኛው፣ አረንጓዴ ደግሞ በአግባቡ ከተያዘ አጣዳፊ ጉዳት ያደርሳል ተብሎ ለማይገመተው ነው። ሐሳቡ መልካም ነው። ይሁን እንጂ ቀደም ሲል ያየነውን እናስታውስ። መቀነቱ በተራው አራት ቀለም ማተሚያ ከታተመ፣ ቀዩ የሚገኘው ከማጀንታና ከቢጫ ነው፤ ሁለቱም በፀሐይ ቀድመው የሚጠፉ ናቸው። አረንጓዴው ከሲያንና ከቢጫ ስለሆነ ቢጫው ሲሄድ ወደ ሰማያዊ ያደላል። በመሆኑም ከሁሉ የበለጠ ሊጮኽ የሚገባው ማስጠንቀቂያ ከሁሉ ቀድሞ ዝም ይላል። ሲመሽማ ያልገረጣው ቀይ እንኳ ይጠቁራል።

ልጅቱ ለባለ ሱቁ ጠርሙሶቹን ከመስኮቱ እንዲያነሣ ስትነግረው፣ “ካላዩት ማን ይገዛኛል?” አላት። መልሱ ተገቢ ጥያቄ ነበር። ጥቂት አስባ፣ ባዶ ካርቶኖቹን በመስኮቱ፣ ጠርሙሶቹን በጥላው መደርደሪያ ላይ እንዲያደርግ መከረችው፤ እርሱም ሳያንገራግር አደረገው። ለአዛውንቱም መጠኑንና ማስጠንቀቂያውን በእጇ፣ በጥቁር እስክሪብቶ፣ አውራ ጣት በሚያህል ፊደል ጽፋ ሰጠቻቸው። እርሳቸውም ወረቀቱን በክንዳቸው ልክ አርቀው አነበቡትና፣ “ይህስ ይታያል” ብለው መረቋት።

በመልስ ጉዞ ላይ ስለ መመረቂያ ሥራዋ ነገረችን። ለእያንዳንዱ የመርዛማነት ደረጃ ከቀለሙ በተጨማሪ የራሱ ቅርጽ ያለው መለያ ልትሠራ አስባለች፤ ቀለሙ ቢገረጣ ቅርጹ እንዲናገር። በመንገድ ላይ “ቁም” የሚለው ምልክት ባለ ስምንት ማዕዘን የሆነው ለዚሁ ነው፤ በጭጋግ ፊደሉ ባይነበብ፣ በምሽት ቀዩ ቢጠቁር እንኳ ስምንቱ ማዕዘን ይቀራል። በፊዚክስና በምሕንድስና ይህን አንድን መልእክት በብዙ መንገድ መላክ እንለዋለን። እርሷ ግን በደብተሯ፣ “ለአዛውንቱ የሚታይ” ብላ ጽፋዋለች።

ውድ ተማሪዎች፣ እናንተም በአካባቢያችሁ ያለውን ሰሌዳ፣ የመድኃኒት መለያ ወይም ማስታወቂያ በሦስት ቀላል ዘዴዎች ፈትኑ። አንደኛ፣ ዓይናችሁን አጨንቁራችሁ እዩት፤ ምን ይቀራል? ሁለተኛ፣ በሞባይል ስልክ ያለ ቀለም ፎቶ አንሡት፤ ጽሑፉ ከመደቡ ይለያል? ሦስተኛ፣ ፊደሉን ለክታችሁ ከስንት ሜትር አናባቢው እንደሚለይ አስሉ። ከዚያም ውጤቱን ለባለቤቱ በትሕትና ንገሩት። ጣርማ በርን ስታልፉ ጭጋግ ከገጠማችሁም ነጂው ረጅሙን መብራት እንዲያጠፋ ንገሩት፤ ጠብታዎቹ ብርሃኑን ወደ ራሱ ዓይን ይመልሱታልና።